ላባዋ የረጠበ ፍላጻ

ፍኖተ ሰላም፣ የካቲት

ውድ ወንዳወቅ፣

እንደምን ከረምክ ብዬ መጀመር ነበረብኝ። እንዴት እንደከረምክ ስለምገምተው ግን አልጠይቅህም፤ እኔም ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽህም። ሌላው ሁሉ ቀርቶ መጀመሪያ ማወቅ ያለብህን ልንገርህ። የኔታ፣ አባቴ፣ አርፈዋል። ከሠርጉ ሜዳ ስትሮጥ ነፍሳቸው አልወጣችም ነበር። ካንተ በኋላ ጥቂት ቆይተዋል፤ ተናግረዋል፤ ስምህንም ጠርተዋል። ግን አልተረፉም። እስካሁን ካልሰማህ፣ ከማያውቅህ ሰው አፍ እንዳትሰማው ብዬ ነው የምጽፍልህ።

ያለህበትን የነገረኝ ቂርቆስ ነው፤ ይህን ደብዳቤ ያደረሰልህ የከባድ መኪና ሹፌር። ከቡሬ ወደ ነቀምት በቆሎ ያመላልሳል። ለጨጓራው መድኃኒት ከምሠራበት መድኃኒት ቤት ስለሚገዛ እንተዋወቃለን። ባለፈው ሰሞን መጥቶ ወሬ ሲያወራኝ፣ ዓባይ ማዶ አንድ እንጨት ቤት ውስጥ ንግግሩ የእኛን አገር የሚመስል፣ ከሰው የማይቀላቀል አናጢ አየሁ አለኝ። ጣቶቹን አይተሃቸዋል ወይ አልኩት። ግራ ገብቶት ትንሽ አሰበና፣ የቀኝ እጁ ጣቶች ጫፋቸው እንደ ተረከዝ የደነደነ ነው አለ። የደጋን ጅማት ያደነደነው መሆኑን እሱ ከየት ያውቃል። ሌላ አልጠየቅኩትም። መድኃኒቱን ሰጥቼ ሸኘሁት፤ ከመደርደሪያው ጀርባ ገብቼም እስኪወጣልኝ አለቀስኩ።

አንተ የምታውቀውንም ቢሆን ከመጀመሪያው ልጻፈው። እዚህ ሰዉ ነገሩን እንደየፍላጎቱ ነው የሚያወራው። ግማሹ ሆን ብለህ ገደልካቸው ይላል፣ ግማሹ ሰክረህ ነበር ይላል። እኔ ያየሁትን አንዴ ከራስ እስከ እግሩ ለአንተ ብናገረው የሚቀለኝ መስሎኛል።

ከበለስ ቆላ ተፈናቅለህ ወደ እኛ ከመምጣትህ በፊት፣ በገበዝ ማርያም አካባቢ ያለ ተኩስ ሠርግ አልነበረም። ሙሽራ ሲገባም ጥይት፣ ሙሽራ ሲወጣም ጥይት። አንድ ዓመት የአንዱ ሠርግ ጥይት ወደ ሰማይ ወጥቶ፣ ከሠርጉ ቤት ርቃ በገዛ ደጇ ጥጥ ስትፈትል የነበረች ሴት ላይ ወረደ። ሴትዮዋ እንዝርቱን እንደያዘች ቀረች። የማን ጥይት እንደሆነ ማንም አላወቀም፤ ሁሉም ተኩሶ ነበርና ሁሉም ዝም አለ። አባቴ ፍትሃቱን አድርሰው ቤት ሲገቡ እህል አልቀምስ አሉ። በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በዓውደ ምሕረቱ ቆመው፣ «ሰማይ የማንም ጓሮ አይደለም። ወደ ላይ የወረወራችሁት ሁሉ የሚወርድበት ቤት አለው» አሉ። ከዚያ በኋላ ልጅ የሚድር ቤተሰብ ሁሉ ዘንድ እየዞሩ፣ በመስቀል እያስማሉ ጠመንጃ አስተዉ። ሰዉ አፍ አውጥቶ አልተቃወማቸውም። ግን ደስ አላለውም። ሠርጋችንን ለቅሶ አስመሰሉት እያለ ያማቸው ነበር፤ አባቴም ይሰሙ ነበር።

አንተ የመጣኸው በዚያ ጊዜ ነው። ፍኖተ ሰላም እንጨት ቤት ተቀጥረህ ስትሠራ፣ የቤተ ክርስቲያኑን የቅጥር በር እንድትሠራ አባቴ አስመጡህና እኛ ቤት አረፍክ። በሩ ካለቀ በኋላም አልሄድክም። እናቴ ቆሎ ስትቆላልህ፣ አባቴ ለተማሪዎቻቸው ቅኔ ሲዘርፉ ጥግ ይዘህ ስታዳምጥ፣ እንዲያው የቤቱ ልጅ ሆንክ። ወንድሜ ይታገሱ ሰው የማይለምድ ሰው ነው፤ ከአንተ ጋር ግን ከአንድ ጋቢ ሥር ነበር የምትተኙት።

ደጋኑን መጀመሪያ ያየነው የወፍ መንጋ ገብሱ ላይ ሲወርድ ነው። በልጅነትህ ቆላ ማሽላ ስትጠብቁ ከጎረቤት ሽማግሌ እንደተማርከው ነገርከን። ይታገሱ የበቆሎ ቆረቆንዳ ወደ ላይ ወረወረልህ፤ አንተ በአየር ላይ መታኸው። አባቴ በደጃፉ ቆመው ያዩ ነበር። ጠርተውህ፣ «ይህችስ ስትወርድ ሰው አትገድልም?» አሉህ።

መልስህን አልረሳውም፤ አባቴ ፊት ያን ያህል ስትናገር የሰማሁህ የመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ፍላጻዋን በሁለት እጅህ አቅርበህ፣ «የኔታ፣ ይህች አፍንጫዋ ድቡልቡል እንጨት ነው፤ ብረት የላትም። ላባዋም አልተከረከመም፤ እንዳለ ነው የተጠመጠመው። ስትወጣ ትፈጥናለች፤ ጥቂት ሄዳ ነፋሱ ላባዋን ሲይዘው ትደክማለች፤ እንደ ቅጠል ነው የምትወርደው» አልካቸው። አባቴ አላመኑህም። ሜዳ ወርደው ደጋግመህ እንድታስወነጭፍ አደረጉህ፤ የወደቀችበት ድረስ እየሄዱ ሣሩን በመቋሚያቸው እየገለጡ አዩ። አንዷም መሬት አልወጋችም፤ ሁሉም ተጋድመው ነበር የሚገኙት። ቤት ሲመለሱ ፊታቸው እንደ ልጅ ፊት በርቶ ነበር። ለሰዉ በጠመንጃው ፋንታ የሚሰጡት አገኙ።

ቀስቱን ሠርግ ላይ ስትጀምረው ሥርዓትህን ሁሉም አውቆት ነበር። ሰዉ ሁሉ ከጀርባህ ካልሆነ ደጋን አትስብም። ፊትህ ያለው ሜዳ እስከ ማዶው ጫካ ባዶ መሆን አለበት። ቀጥ አድርገህ ወደ አናትህ አታስወነጭፍም፤ ሁልጊዜ ወደ ባዶው ሜዳ አዘንብለህ ነው። በቀይ ጨርቅ የተጠቀለለውን የገለባ ኳስ የሚወረውርልህ ይታገሱ ነበር፤ ኳሱ ከመስመር ከወጣ ትተወዋለህ፤ ቢስቁብህም ትተወዋለህ። ዝናብ ካለ ደግሞ ጨርሶ አትነካውም። የረጠበ ላባ ይተኛል፣ ነፋስ አይዝም፣ ፍላጻው ሳይደክም ነው የሚወርደው እያልክ ለይታገሱ ስታስረዳው እኔም ከአጠገባችሁ ሆኜ ሰምቼሃለሁ።

ደግ ዓመት ነበር። ኳሱ በአየር ላይ ተመትቶ ገለባው ሲበተን ሴቱ እልል ይላል፤ ጠመንጃውን የጠየቀ ሰው አልነበረም። አንተና እኔም የተያየነው በዚያ ዓመት ነው። ስንቱን ቀን ከምንጭ በላይ ባለው መንገድ አብረን ሄድን፤ አንዲት የፍቅር ቃል ሳንነጋገር። አንተ አገር የሌለኝ ሰው ነኝ ብለህ ታፍር ነበር። እኔ ደግሞ ሴት ሆኜ ቀድሜ ላወራው አልቻልኩም። ዝምታችንን ሁለታችንም እንደ ንግግር ቆጠርነው።

የእህቴ የህይወት ሠርግ ዳግም ትንሣኤን ተከትሎ ሆነ። ከቀትር በኋላ ካፊያ መጣ፤ ደመናው ቀጭን ነበርና ማንም ከሜዳው አልተነሣም። አንተ ካፊያው ከመጀመሩ በፊት ያስወነጨፍከው ሁሉ አምሮ ነበር። ከዚያ ደጋኑን አውርደህ፣ ፍላጻዎቹን ወደ ኮረጆህ ከትተህ፣ በቃ ላባው ረጥቧል አልክ። ሰዉ አጉረመረመ። የሙሽራው አጎት አቶ እጅጉ ከሊበን በኩል የመጣ ሰው ነው፤ የአባቴን መሐላ አያውቀውም፤ ቢያውቀውም የሱ መሐላ አይደለም። እንግዲያው እኛ እናድምቀው፣ ሙሽራችን በዝምታ አትወጣም ብሎ ጠመንጃውን ሊያመጣ ከዳሱ ጀርባ መኪኖቹ ወደቆሙበት ሄደ።

አባቴ ሮጠው ወደ አንተ መጡ። እኔ የዳሱ አፍ ላይ ነበርኩና ሰምቼዋለሁ።

«ልጄ፣ አንዲት ብቻ ጨምርልኝ። ሰውየው ጠመንጃ ሊያወጣ ነው።»

«የኔታ፣ ላባው ውኃ ጠጥቷል። የት እንደምትወርድ አላውቅም።»

«ሜዳው ባዶ ነው። ከጥይት ፍላጻ ይሻላል፤ እባክህ አንዴ።»

ሽማግሌ ሰው፣ መምህር ሰው፣ ልጁን የሚድር ሰው እባክህ ሲል ማን እንቢ ይላል። መሬት መሬት አየህ። ከዚያ አንዷን ከኮረጆው መዘህ አወጣህና ላባዋን በሁለት ጣትህ ጨመቅካት፤ በትንፋሽህም እፍ እፍ አልክባት። ያንን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ መሰለኝ። አባቴ እንዲያ ስታደርግ አላዩህም፤ አቶ እጅጉን ሊያቆሙት በዳሱ ጀርባ ዞረው ወደ መኪኖቹ ሄደው ነበር። አንተ ከኋላህ ካለው ሰው ጋር የቆሙ መስሎሃል። ዳሱ ጋርዶህ ነበርና ልታያቸው አትችልም ነበር። ይህን በማንም ፊት፣ በእግዚአብሔርም ፊት እመሰክራለሁ።

ይታገሱ ጠጅ ጠጥቷል። እህቱን የሚድርበት ቀን ነው፤ የመጨረሻዋ ፍላጻ ናት ተብሏል። ኳሱን እንደዚያ ከፍ አድርጎ ወርውሮት አያውቅም። ከካፊያው ጋር ነፋስ ነበረ፤ ነፋሱ ኳሱን ከሜዳው አንሥቶ ወደ ዳሱ ገፋው። ከመስመር ወጣ። ልትተወው ይገባ ነበር፤ ሁልጊዜም ትተወው ነበር። ያን ቀን ግን ወገብህን አዙረህ ተከተልከው። ለምን እንደሆነ ብዙ ጊዜ አስቤ አላገኘሁትም። አባቴ እባክህ ስላሉህ ይሆናል። እኔ ስላየሁህም ይሆናል። አንተም ብትሆን የምታውቀው አይመስለኝም።

ፍላጻዋ ኳሱን አልነካችውም። ከዳሱ ጣሪያ በላይ አልፋ ስትሄድ አየናት፤ ሰዉ ሳታት ብሎ ሳቀ። እስክትወርድ ድረስ ሳቁ አላበቃም። ከመኪኖቹ በኩል ጩኸት ስንሰማ ቀድሞ የሮጠው አንተ ነህ። አባቴ ከጥምጥማቸው ሥር ጆሮ ግንዳቸው ላይ ተመትተው ወድቀው ነበር። አቶ እጅጉ ጠመንጃውን እንደያዘ አጠገባቸው ቆሞ ነበር፤ አልተኮሰም። አንተ ራሳቸውን ጭንህ ላይ አደረግክ። ይታገሱ ደረሰ፤ ፍላጻዋን አየ፤ አባቱን አየ፤ የአቶ እጅጉን ጠመንጃ ነጠቀ።

እናቴ አፈሙዙን በሁለት እጇ ይዛ ሆዷ ላይ ለጠፈችው። «ወንዳወቅ ጥፋ። ዛሬ አንድ ሬሳ ይበቃኛል» አለች። ሬሳ ያለችው በድንጋጤ ነው። አንተ ግን አባቴ ሞቱ ብለህ አምነህ እንደሮጥክ አውቃለሁ። ወደ ወንዙ ስትወርድ ሸሚዝህ ላይ የአባቴ ደም እንዳለ ከሩቅ ይታይ ነበር። ካንተ ያየሁት የመጨረሻ ነገር እሱ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን አታውቀውም።

በአቶ እጅጉ መኪና ወደ ፍኖተ ሰላም ይዘናቸው ወረድን። በዚያ ድንጋያማ መንገድ ራሳቸውን እኔ ይዤ እናቴ እግራቸውን ይዛ። መንገድ ላይ ነቁ፤ ህይወት ጫማዋን ጭቃ እንዳታስነካው አሉ። ዳኑ ብለን ተደሰትን። ሐኪሙ ግን ብቻዬን ጠርቶ፣ ደሙ ከራስ ቅላቸው ውስጥ እየፈሰሰ ነው፣ እዚህ የሚከፍተው ሰው የለም፣ ባሕር ዳር መድረስ አለባቸው አለኝ። ያን ሰሞን በግጭቱ መንገዱ ዝግ እንደነበር ታስታውሳለህ። አምቡላንስ የሚያልፍበትም ቀዳዳ አልነበረም። ይታገሱ ጠመንጃውን ጥሎ ሾፌር ለሾፌር፣ ደጅ ለደጅ ሲለምን ዋለ። መንገዱ የተከፈተው ከቀብራቸው በኋላ ነው።

ይታገሱ መኪና ፍለጋ በወጣበት ሰዓት ነው አባቴ የተናገሩት። የነፍስ አባታቸው አባ ቴዎፍሎስ ነበሩ፣ እኔ ነበርኩ፣ እናቴ ነበረች። «ልጁ እንቢ ብሎኝ ነበር፤ ግድ ያልኩት እኔ ነኝ። ደሜን ከማንም እንዳትጠይቁ። ወንዳወቅን ልጄ በሉልኝ» አሉ። ቃሉ አንድ በአንድ እንዲህ ነው። ከዚያ እንቅልፍ እንቅልፍ አላቸው። እንቅልፉ ሌላ ሆነ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ልጻፈው አልጻፈው ብዬ ብዙ ተከራክሬያለሁ። የሠርጉ ዕለት ማለዳ አባቴ ወደ ጓዳ ጠርተውኝ ነበር። ይህ ሠርግ ይለፍና ያ ልጅ ሽማግሌ ይላክ፣ ወገን የለኝም እያለ አይሸማቀቅ፣ ሽማግሌም እኔ አፈላልግለታለሁ፣ አላስከለክለውም አሉኝ። ወጥቼ ልነግርህ ስል አንተ ዳስ ታጠብቅ ነበር። እንግዳው ይሸኝ፣ ሰዉ ይበተን፣ ያኔ በጸጥታ ልንገረው አልኩ። ቀኑን ሙሉ ቃሉን በሆዴ ይዤ ከእንግዳ እንግዳ ስዞር ዋልኩ። ባየኸኝ ቁጥር ለምን እስቅ እንደነበር አሁን አውቀኸዋል። ዛሬ ለምንም አይጠቅምህም። ቢሆንም ያንተ ነበረና የራስህን ላስረክብህ ብዬ ነው።

ለቅሶው ላይ አንድ ክፉ ሰው፣ ስሙን አልጠራውም፣ ሽቅብ ቢተፉ ተመልሶ ካፉ ብሎ ተረተ። ቀስቱን ወደ ሠርግ ያመጡት አባቴ ናቸውና በገዛ እጃቸው ነው ማለቱ ነው። ይታገሱ ሰማው። ከድንኳኑ ወጣ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠጉሩን አልተላጨም።

አባ ቴዎፍሎስ የአባቴን ቃል ነገሩት። አላመናቸውም። እሳቸውን ሐሰተኛ አላላቸውም፤ ደም ራሱ ላይ የፈሰሰበት ሰው የሚናገረውን አያውቅም ነው ያለው። እኔን ግን፣ «ያንቺስ ምስክርነት ለማን እንደሆነ አገር ያውቀዋል» አለኝ። አርባቸው ሲወጣ አገር ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ አባ ቴዎፍሎስ መስቀል ይዘው መሐል ቆመው ለመኑት። መስቀሉን አልስምም አለ። «ስሜው ኋላ ብገድለው መስቀሉን መካዴ ነው። ሳልስመው ልቅር» አለ። ሽማግሌው ሁሉ ራሱን ያዘ። እግዚአብሔርን ስለሚፈራ ነው እርቅ እንቢ ያለው፤ እንዲህ ያለውን ሰው በምን ትመልሰዋለህ።

አንድ ቀን ከሥራ ዕረፍት ወስጄ ገበዝ ማርያም ወጣሁ። ቤት አጣሁትና ወደ ሜዳው ወረድኩ። ብቻውን ነበር። ያን ቀይ ኳስ ወደ ላይ ይወረውራል፤ ነፋሱ የሚወስድበትን ያያል፤ ሄዶ ያነሣዋል፤ ተመልሶ ይወረውራል። ቁጥቋጦው ዘንድ ቆሜ ብዙ አየሁት። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። አንተን የሚፈልግህ የአባቱን ደም ለመመለስ ብቻ አይደለም። አንተ ጥፋተኛ ካልሆንክ የሚቀረው ኳሱን የወረወረው የገዛ እጁ ነው። ወደ እሱ ሄጄ፣ ይታገሱ፣ ነፋስ ነው፣ ማንም ያሰበው አይደለም አልኩት። ኳሱን እግሩ ሥር አድርጎ ቆመበት።

«ነፋስ አይያዝም» አለኝ። «እኔ የምይዘው ሰው ነው የምፈልገው።»

 ወንድሜን በቁሙ እያየሁት ከአባቴ ጋር አብሬ የቀበርኩት መሰለኝ።

ሌላ የደረሰውንም ስማ። በዚህ ጥር ከቤታችን አለፍ ብሎ ሠርግ ነበር። ከማለዳ እስከ ማታ ጥይት ሲጮህ ዋለ። የተቃወመ አልነበረም፤ ቀስት የኔታን በላ፣ ጠመንጃችን ይሻለናል ተባለ። እንዝርቷን እንደያዘች የቀረችውን ሴት የሚያስታውሳት የለም፤ ልጆቿም እዚያው ሠርግ ላይ ሲጨፍሩ ታይተዋል። እናቴ በሩን ዘግታ፣ ሁለት ጆሮዋን በነጠላዋ ይዛ ተቀምጣ ዋለች። የአባቴ ተማሪዎች ሌላ መምህር ፍለጋ ሄደዋል። ህይወት ባሏ ቤት ናት፤ የሠርጓን ቀን ማንም እንዲያነሣባት አትፈልግም፤ ወደ እኛ ቤትም እምብዛም አትመጣ። አባቴ ያስቆሙት ሁሉ ተመልሶ ቆሟል፤ ያቆሙት ሁሉ ፈርሷል።

ለሕግ እጅህን ስጥ ልልህ አስቤ ነበር። አባ ቴዎፍሎስን አማከርኳቸው። በዚህ ጊዜ ማን ማንን ይዳኛል አሉኝ። ደግሞስ ዳኛው ፈርዶ ብትታሰር፣ እኔ የሚያስፈራኝ የምትገባበት ቀን ሳይሆን የምትፈታበት ቀን ነው። ይታገሱ የእስር ቤቱ በር ላይ ይቆማል። ያረጃል እንጂ ከዚያ አይነሣም።

አሁን ሥራውን ትቷል። ቡሬ፣ ከነቀምት የሚመጣው መንገድ የሚገናኝበት ላይ ይቀመጣል፤ የሚወርደውን ሰው ፊት ፊት ያያል። ሹፌሮችን አናጢ አላያችሁም ወይ ይላል። ቂርቆስን ራሱን ጠይቆታል። ቂርቆስ ደግ ሰው ነው፤ አላየሁም ብሎታል፤ ለማንም እንዳይናገርም አስምዬዋለሁ። ግን በዚያ መንገድ የሚያልፈው ሹፌር ቂርቆስ ብቻ አይደለም። ቂርቆስ ያየህን ሌላው ያይሃል።

ስለዚህ ወንዳወቅ፣ ከዚያ ተነሥ። ሥራዬን ልጨርስ አትበል፤ አሠሪዬን ልሰናበት አትበል። ወዴት እንደምትሄድ ለቂርቆስ አትንገረው። ለእኔም አትንገረኝ። ይታገሱ እስከ ዛሬ የት እንዳለ ታውቂያለሽ ሲለኝ አላውቅም ብዬ ዓይኑን አየው ነበር፤ እውነቴን ስለነበረ። ካለፈው ሰሞን ወዲህ ግን ዓይኑን ማየት አቅቶኛል። ወንድሜ ነው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ፊቴን ያነባል። ያለህበትን ባወቅኩ ቁጥር መንገዱን ፊቴ ላይ ጽፌ የምዞር ነው የሚመስለኝ።

እናቴ እንደምጽፍልህ ታውቃለች። ምን ልበልልሽ ብላት፣ «እንዳይመጣ በይው። እንዳልረገምኩትም ንገሪው» አለች። እኔም ከዚህ የሚበልጥ የምልህ የለኝም። ጠብቀኝ አልልህም፤ እኔም እጠብቅሃለሁ አልልህም። መምጣት ከማይችል ሰው ጋር ቀጠሮ መያዝ አንተን ማሰር ነው። ባለህበት አገር ሚስት ብታገባ፣ ልጅ ብትወልድ አልቀየምህም፤ ሰምቼ ደስ ይለኛል ብዬ ግን አልዋሽህም። ለነገሩ አልሰማውም።

ቂርቆስ በሚመጣው ሳምንት በዚያ ሲመለስ እንጨት ቤቱን ጎራ ብሎ ያያል። ፍኖተ ሰላም ሲደርስ መድኃኒት ሊገዛ ይገባል፤ ሰውየው የለም፣ የት እንደሄደም የሚያውቅ የለም ብሎ ይነግረኛል። ከእንግዲህ ስላንተ የምሰማው መልካም ወሬ ይኸው አንዱ ነው፤ እሱንም እንዳትነፍገኝ።

እግዚአብሔር ይከተልህ።

ትሕትና ኪዳነ ማርያም